ሻንጣ ሙሉ ደብዳቤ እንዴት ኮምፒውተር ውስጥ ይገባል?

ብዙ ቤት ውስጥ ቁም ሳጥን ላይ ወይም አልጋ ሥር አንድ ሻንጣ አይጠፋም። የእኛ ቤቱ ሻንጣ ቡናማ ነው። መቆለፊያው ከተሰበረ ቆይቷል። ውስጡ ለአያቴ የተላኩ ደብዳቤዎች፣ የግብር ደረሰኞችና አንድ የእድር መዝገብ አሉ። ገጹን ስቆጥረው 214 ሆነ። «በሁለት ቅዳሜ ስካን አድርጌ እገላገላለሁ» አልኩ። ስምንት ወር ፈጀብኝ። ከዚያ ውስጥ ሁለቱ ወር ያለቀው ራሴ ያበላሸሁትን መልሼ ስሠራ ነው።

የብራና መጻሕፍት በዚህ በኩል ከደብዳቤ ይልቅ ዕድለኞች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1973 በተጀመረው የማይክሮፊልም ሥራ በሺዎች የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ብራናዎች ፊልም ተነሥተዋል። ቅጂያቸው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ ኮሌጅቪል በተባለች ቦታ ተቀምጧል። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ እዚያ ሆነው ለዓመታት አንድ በአንድ እያነበቡ ካታሎግ ሠርተውላቸዋል። ለአያቴ ደብዳቤ ግን ካታሎግ የሚሠራ ማንም አይመጣም። ያለሁት እኔ ነኝ። ለእናንተም ሻንጣ ያላችሁት እናንተ ናችሁ።

ሥራው ሁለት መሆኑን ከወዲሁ ያዙ። አንዱ ወረቀቱን ፎቶ ማንሳት ነው። ሌላው ፎቶው ላይ ያለውን ጽሑፍ መተየብ ነው። የመጀመሪያው ቀናት ይፈጃል፣ ሁለተኛው ወራት። ሁለቱን በአንድ ላይ አትጀምሩ። መጀመሪያ ሁሉንም ፎቶ አንሥታችሁ ጨርሱ። ከዚያ በኋላ ወረቀቱን ሳትነካኩ ከምስሉ ላይ መተየብ ትችላላችሁ።

1. ሻንጣውን ሳትበትኑ እዩት

ከፍታችሁ መጀመሪያ የምታደርጉት ነገር አንድ ፎቶ ማንሳት ነው። ሻንጣው እንዳለ፣ ምኑም ሳይነካ። ከዚያ እያንዳንዱ ወረቀት ከየት እንደወጣ እያያችሁ ከላይ ወደ ታች ቁጥር ስጡ። ቁጥሩን በእርሳስ፣ በስሱ፣ ከጀርባ ጥግ ላይ ጻፉ። እስክሪብቶ በፍጹም።

«በዓመት በዓመት ልደርድረው» የሚል ሐሳብ ይመጣባችኋል። እኔም አድርጌዋለሁ። በአንድ ክር የታሰሩ ስድስት ደብዳቤዎች ነበሩ። ክሩን ፈታሁና በየቀናቸው ሌሎቹ መሐል አስገባኋቸው። ከወራት በኋላ ስተይብ ታስረው የነበሩት ስለ አንድ የመሬት ክርክር እንደሆኑ ገባኝ። አያቴ ለይቶ ነው ያሰራቸው። የትኞቹ ስድስት እንደነበሩ ለማስታወስ ምን ያህል እንደተቸገርኩ አልነግራችሁም። በዓመት መደርደር የኮምፒውተሩ ሥራ ነው። ወረቀቱ በነበረበት ይቆይ።

ፖስታውንም አትጣሉ። ቴምብሩና የፖስታ ቤቱ ማኅተም ደብዳቤው ውስጥ የሌለ ቀንና ቦታ ሊነግሩን ይችላሉ።

2. ወረቀቱን አዘጋጁ

እጃችሁን ታጠቡና በደንብ አድርቁ። ጓንት አያስፈልግም። ጓንት ያደረገ ጣት ስስ ወረቀት አይታወቀውም፣ ይቀድደዋል። የዛገ አግራፍ ካለ አትጎትቱት፣ ቀስ ብላችሁ ወረቀቱን ከሥሩ አንሸራትቱ። የተጣጠፈውን ዘርግታችሁ ከባድ መጽሐፍ ሥር ሁለት ቀን አሳድሩት። ካውያ የሚያስቡ ሰዎች አጋጥመውኛል። ተዉት። የተቀደደውንም በስኮች አትለጥፉ። ስኮች በጊዜ ብዛት ይቢጫል፣ ሙጫው ወረቀቱ ውስጥ ይገባል። ሻጋታ ያለበትን ከሌሎቹ ለዩና ማስክ አድርጋችሁ ንፋስ ያለበት ቦታ ሥሩት።

3. ፎቶ ማንሳት

ጠፍጣፋ ስካነር ካላችሁ ጥሩ፣ ከሌላችሁ ስልክ ይበቃል። ቁጥሩን እንሥራው። ለእንዲህ ያለ ሥራ በትንሹ 300 ነጥብ በኢንች ይመከራል። 12 ሜጋፒክስል ካሜራ በቁመቱ 4000 ያህል ነጥብ ያነሳል። የኤ4 ወረቀት ቁመት 11.7 ኢንች ነው። ስናካፍለው 340 ይሆናል። ዙሪያውን ትንሽ ክፍት ቦታ ስትተዉ ወደ 300 ይወርዳል። ስለዚህ አንድ ገጽ በአንድ ፎቶ ይበቃል። ሁለት ገጽ አብሮ ማንሳት ግን አይበቃም። ጽሑፉ ደቃቅ ከሆነ ገጹን ከላይና ከታች ከፍላችሁ አንሱ።

ስልኩን በእጅ አትያዙት። እኔ ሁለት የመጽሐፍ ቁልል አቆምኩ፣ ላያቸው ላይ ጣውላ ጋደም አደረግሁ፣ ስልኩን ካሜራው ከጣውላው ጠርዝ ወጣ እንዲል አስቀመጥኩት። ወረቀቱ ከሥሩ ይገባል፣ ይወጣል። እጅ እንዳይነቃነቅ በሁለት ሰከንድ ቆይቶ የሚያነሳውን ሰዓት ቆጣሪ ተጠቀሙ። ፍላሽ መብራት አጥፉ። በመስኮት የሚገባ የጠዋት ብርሃን፣ ፀሐዩ በቀጥታ ሳያርፍበት፣ ከማንኛውም አምፖል ይሻላል። በስስ ወረቀት ላይ የጀርባው ጽሑፍ እየታየ ካስቸገራችሁ ከሥሩ ጥቁር ወረቀት አድርጉ። ጎኑ ላይ ማስመሪያ አኑሩ፣ የወረቀቱ መጠን በኋላ ይታወቃል። ባዶ የመሰለውንም ጀርባ አንሱ። ሒሳብ የሚጻፈው እዚያ ነው።

አሁን ሁለት ወር ወዳስከፈለኝ ስህተት። ወረቀት ስካን የሚያደርጉ የስልክ አፖች አሉ። ጠርዙን ቆርጠው፣ ጥላውን አጥፍተው፣ ጽሑፉን ጥቁርና ነጭ ያደርጉታል። ደስ ይላል። 60 ገጽ እንደዚያ አነሳሁ። ከዚያ ከወረቀቱ ጋር ሳስተያየው ሐምራዊው ማኅተም የለም። አያቴ በእርሳስ ኅዳግ ላይ የጻፈው «ተመልሷል፣ 30 ብር» የሚለውም የለም። አፑ ቆሻሻ መስሎት ጠርጎታል። መጀመሪያ የምታነሱት ፎቶ ያልተነካ፣ ከነቀለሙ፣ ከነጠርዙ ይሁን። ማስዋብ ከፈለጋችሁ በቅጂው ላይ።

ሌላ ወጥመድ አለ። ፎቶውን ለእህታችሁ በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፎቶ ከላካችሁት ያጨቀዋል፣ ጥራቱ ይወርዳል። እንደ ፋይል ላኩት። ቴሌግራም ላይ ካገኘኸው አውርደህ አስቀምጥ እየተባባለ ኦሪጅናሉን ያጠፋ ቤተሰብ ብዙ ነው።

4. ለፋይሉ ስም ስጡ

ስልኩ የሰጠውን ስም አትተዉት። የእኔ አሰያየም ቀላል ነው፦ 1955-03-13_042_01። ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ ከዚያ የወረቀቱ ቁጥር፣ በመጨረሻ የገጹ ቁጥር። ወሩን በስም ከጻፋችሁ ሐምሌ ከመስከረም በፊት ይሰለፋል። በቁጥር ከሆነ ራሱ ይደረደራል። ቀን የሌለው 0000 ብሎ ይጀምር። በኢትዮጵያ ወይም በአውሮፓ አቆጣጠር፣ አንዱን ምረጡና እስከ መጨረሻው በእሱ ሂዱ።

ከዚህ ጋር አንድ የኤክሴል ሰንጠረዥ ክፈቱ። ቁጥር፣ ቀን፣ ከማን፣ ለማን፣ ከየት፣ ስለ ምን። ስድስት ዓምድ። ሌላው ቢቀር ይህ ሰንጠረዥ ብቻ ሻንጣውን የሚጠቅም ነገር ያደርገዋል።

5. መተየብ

አንዱ ደብዳቤ እንዲህ ይጀምራል፦ «እግዚሐብሄር ይመስገን ደሕና ነን።» ስተይበው ጣቴ በራሱ ጊዜ «እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን» ብሎ ጻፈ። ሳላስበው። ትምህርት ቤት የተመታሁበት ነገር ነው።

ከሳምንታት በኋላ ሁለተኛ ገጹ የጠፋ ደብዳቤ ገጠመኝ። ፊርማ የለውም፣ ቀን የለውም። ማን እንደላከው እናቴም አላወቀችም። ግን ሁለተኛው መስመር ላይ «ደሕና» ይላል፣ ዝቅ ብሎ «እግዚሐብሄር»። ከ60 በላይ ደብዳቤ ውስጥ እንዲህ የሚጽፍ አንድ ሰው ብቻ ነው፣ የአያቴ ታናሽ ወንድም። ያኔ ተመልሼ «ያረምኩትን» ሁሉ መልሼ አበላሸሁ።

ስለዚህ ሕጉ አጭር ነው፦ ያያችሁትን ጻፉ፣ የምታውቁትን አትጻፉ። ፊደል የሳተ ቢመስል፣ ቃል ቢደገም፣ ነጠላ ሰረዝ ቢጎድል እንዳለ ይግባ። መስመሩም ወረቀቱ ላይ በተሰበረበት ይሰበር፣ ያኔ ምስሉንና ጽሑፉን ጎን ለጎን ማስተያየት ይቀላል።

ያልተነበበ ቃል ሲመጣ አትገምቱ። በቅንፍ ሦስት ነጥብ አድርጉ፣ እንዲህ፦ [...]። የተጠራጠራችሁትን ከኋላው [?] ጨምሩበት። ጸሐፊው የሰረዘው ቃል ቢታይ «[የተሰረዘ፦ ነገ]» ብላችሁ አስገቡት። ነገ እመጣለሁ ብሎ ሰርዞ ለፋሲካ እመጣለሁ ካለ፣ ስረዛው ራሱ ወሬ ነው።

አኅጽሮት ላይ ተጠንቀቁ። «ገ/ማርያም» ገብረ ማርያም ነው፣ ይህ አያከራክርም። «ወ/» ግን ወልደም ወይዘሮም ወይዘሪትም ሊሆን ይችላል። «ጠ/ግዛት»፣ «ም/ወረዳ»፣ «ክ/ሀገር» እያለ ይቀጥላል። በወረቀቱ እንዳለ ጻፉና ማብራሪያውን በቅንፍ አድርጉ።

የእጅ ጽሑፉ ካስቸገራችሁ የፊደል ገበታ ሥሩ። ይህ ከሁሉ የጠቀመኝ ዘዴ ነው። የአያቴ ወንድም «ኝ»ን ሲጽፍ ከላይ ያለችውን ሰረዝ ይተዋታል፣ ስለዚህ ከ«ን» አይለይም። በቁጥር ደግሞ ፮ እና ፯ አንድ ናቸው። እርግጠኛ ከሆንኩበት ቃል ውስጥ ፊደሉን ከምስሉ እየቆረጥኩ አንድ ገጽ ላይ ለጠፍኩ። አምስተኛው ደብዳቤ ላይ ስደርስ እጁን እንደ ድምፁ ለመድኩት። ግን አንድ ነገር አትርሱ፦ ያን ጊዜ ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው ደብዳቤውን ለሌላ ነግሮ ያስጽፍ ነበር። የእጅ ጽሑፉ አንድ ሆነ ማለት ላኪው አንድ ነው ማለት አይደለም።

ስለ ኪቦርዱም ሁለት ቃል። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል ኮድ ነው) የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር የራሱ አሠራር ነበረው። ለዚህ ነው የድሮ ፋይሎች ሲከፈቱ ምልክት በምልክት የሚሆኑት። ዛሬ የስልክ ኪቦርድ ዩኒኮድ ስለሆነ ችግር የለም። ችግሩ ያለው ነጥብ ላይ ነው። አራት ነጥብ ስትፈልጉ ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ አትምቱ። ለዓይን «፡፡» እና «።» አንድ ይመስላሉ። ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፣ ፍለጋ ስታደርጉ ግማሹን ያጣዋል።

ፍለጋ ካነሳን፣ «ኃይለ ሥላሴ» ብላችሁ ስትፈልጉ «ሃይለ ስላሴ» ተብሎ የተጻፈው አይመጣም። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ እንደልብ ይለዋወጣሉ። መፍትሔው ሁለተኛ ቅጂ ነው። እንደ ወረቀቱ የተተየበው አንድ ፋይል ይሁን፣ አይነካም። ከእሱ ቀድታችሁ ሁሉንም ሀ፣ ሰ፣ አ እና ጸ ብቻ ያደረጋችሁበት ሌላ ፋይል ይኑር። ፍለጋው በሁለተኛው፣ ጥቅሱ ከመጀመሪያው።

6. ቀኑን መፍታት

ከሥራው ሁሉ የምወደው ይህን ነው፣ ስለዚህ ቢረዝም ታገሡኝ።

ወረቀት ቁጥር 42 ግርጌው ላይ «የኅዳር ሚካኤል ማግሥት 195» ይላል፣ ከዚያ የመጨረሻው አኃዝ ላይ ውሃ ፈሶበታል። ከጎኑ «ዘመነ ሉቃስ» ይነበባል።

ሚካኤል በ12 ነው፣ ማግሥቱ 13። ኅዳር 13 ተገኘ። የድሮ ሰው ቀኑን በታቦት ሲጽፍ አትደናገጡ። አቦ 5፣ ሥላሴ 7፣ ሚካኤል 12፣ ገብርኤል 19፣ ማርያም 21፣ ጊዮርጊስ 23፣ መድኃኔዓለም 27፣ በዓለ ወልድ 29። የማታውቁትን ሰፈራችሁ ካሉ እናቶች ጠይቁ፣ ከጎግል ይፈጥናሉ።

ዓመቱስ? ወንጌላውያኑ በየአራት ዓመቱ ይዞራሉ። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሩና ለ4 አካፍሉ። 1 ከተረፈ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ። በ1950ዎቹ ውስጥ 3 የሚተርፋቸው 1951፣ 1955 እና 1959 ብቻ ናቸው። አሥር ከነበረው ሦስት ቀረ።

አሁን ደብዳቤውን እናንብብ። መሐል ላይ «ያ የታኅሣሥ ግርግር ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው» ይላል። የነ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ የተካሄደው ታኅሣሥ 1953 ነው። ሁለት ዓመት ሊሞላው አንድ ወር የቀረው በኅዳር 1955 ነው። ቀኑ ኅዳር 13 ቀን 1955 ሆነ። ፖስታው ቢኖር ኖሮ ይህ ሁሉ ባላስፈለገ። ለዚህ ነው ፖስታ አትጣሉ ያልኩት።

በአውሮፓ አቆጣጠር ስታስቀምጡት እስከ ታኅሣሥ 20 ገደማ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ጨምሩ። ኅዳር 13 ቀን 1955 ኖቬምበር 22 ቀን 1962 ነው። ዘመነ ዮሐንስ ላይ ከመስከረም እስከ የካቲት 21 አንድ ቀን ይገፋል፣ ምክንያቱም ከፊቱ ያለው የሉቃስ ጳጉሜን 6 ቀን ናት። ዓመቱ በግዕዝ ቁጥር ከተጻፈ ከግራ አንብቡ፦ ፲፱ አሥራ ዘጠኝ፣ ፻ መቶ፣ ፶፭ አምሳ አምስት።

ያገኛችሁትን ቀን ደብዳቤው ውስጥ እንደተጻፈ አድርጋችሁ አታስገቡ። ጽሑፉ ላይ «195[.]» ይቆይ። 1955 የሚለውና እንዴት እንደደረሳችሁበት ሰንጠረዡ ላይ ይጻፍ።

7. ማሽን ያግዛል?

ለታተመ ጽሑፍ፣ አዎ። ጎግል ድራይቭ ላይ የተጫነ የአማርኛ ምስል በጎግል ዶክስ ሲከፈት ፊደሉን ይለቅማል። ቴሰራክት የተባለው ነፃ ሶፍትዌርም አማርኛ ያውቃል። ጋዜጣና መጽሐፍ ላይ ጊዜ ይቆጥባሉ፣ እርማት ግን አይቀርም። በድሮ የጽሕፈት መኪና የተመታ ላይ ይንገዳገዳሉ።

ለእጅ ጽሑፍ ከአውስትሪያው ኢንስብሩክ ዩኒቨርሲቲ የወጣው ትራንስክሪበስ የተባለ ሶፍትዌር አለ። የሚሠራው እናንተ አስተምራችሁት ነው። ለአንድ የእጅ ጽሑፍ ከ5000 እስከ 15,000 ቃል በትክክል ተይባችሁ ስጡት ይላል። እንደ እኔ ከ60 እስከ 70 ደብዳቤ ላለው፣ ያም በብዙ ሰው እጅ ለተጻፈ፣ በእጅ መተየቡ ይቀላል። አንድ ሰው የጻፈው የብዙ ዓመት መዝገብ ካላችሁ ግን ሞክሩት።

አሁን ሁሉም ሰው የሚሞክረው ፎቶውን ለአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ መስጠት ነው። እኔም ሰጠሁት። ጥርት ያለ አማርኛ መለሰልኝ። «በቆሎውን ሸጥነው» ይላል። ወረቀቱ ላይ ያለው «በቅሎዋን ሸጥናት» ነው። የቀድሞዎቹ ማሽኖች ሲሳሳቱ ትርጉም የለሽ ፊደል ነበር የሚያመጡት፣ ያስታውቃል። ይኼኛው ሲሳሳት ሌላ ታሪክ ይጽፋል። ብትጠቀሙበትም እያንዳንዱን መስመር ከምስሉ ጋር አስተያዩ።

ከሁሉም የሚሻል መሣሪያ አንድ አሮጊት ናት። እኔ እያነበብኩ፣ አክስቴ ቡና እያፈላች፣ ስልኬ ድምፅ እየቀዳ። ሦስት ቀን ያፈጠጥኩበትን የቦታ ስም በአንድ አፍታ ነገረችኝ። «የሸማኔው ልጅ» የተባለው ማን እንደሆነ፣ በቅሎዋ ለምን እንደተሸጠችም።

8. ማስቀመጥና ማሳየት

ሦስት ቅጂ ይኑራችሁ፣ በሁለት ዓይነት ቦታ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። ለምሳሌ ላፕቶፕ፣ ሃርድ ዲስክ፣ ከዚያ ኢንተርኔት ላይ ወይም ውጭ አገር ያለ ዘመድ ጋ። የእኔ 214 ገጽ ወደ 1 ጊጋባይት ነው የመጣው፣ ፍላሽ ላይ እንኳ ይገባል። የተተየበውን በወርድ ብቻ አታስቀምጡ፣ ተራ የጽሑፍ ፋይልም ይኑረው።

ከማጋራታችሁ በፊት አስቡ። ደብዳቤ ውስጥ ብድር አለ፣ በሽታ አለ፣ ያልተነገረለት ልጅ አለ። በሕይወት ያሉ ሰዎችን የሚነካውን ለዩ። ሕጉም አለ። ወረቀቱ የእናንተ ቢሆን የጽሑፉ መብት የጸሐፊው ነው፣ በአገራችን ሕግ ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ወራሾቹ ጋ ይቆያል።

ኦሪጅናሉን «ስካን ሆኗል» ብሎ መጣል የለም። እያንዳንዱን ከነፖስታው በንጹሕ ወረቀት ጠቅልላችሁ ካርቶን ውስጥ አድርጉ። ፌስታል እርጥበት ይይዛል። ከወለል ከፍ፣ ከኩሽና ራቅ ይበል። እኔ በየዓመቱ ጳጉሜን ላይ ሃርድ ዲስኩን ሰክቼ አሥር ፋይል እከፍታለሁ፣ መከፈታቸውን አይቼ እነቅላለሁ። ስድስቱንም ደብዳቤዎች መልሼ በክራቸው አስሬያቸዋለሁ። ማለቴ፣ ከስድስቱ አምስቱን። ስድስተኛው የትኛው እንደሆነ አሁንም እርግጠኛ አይደለሁም።